ስለ ታይሮይድ ካንሰር ታካሚዎች ዓይን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴርና ለሚመለከታችሁ ሐኪሞች

ለጤና ሚኒስቴር፣
በኑክሌር ሕክምና፣ በካንሰር፣ በሆርሞንና በዓይን ሕክምና ለተሰማራችሁ ሐኪሞች፣
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለሚወስዱ የታይሮይድ ካንሰር ታካሚዎች ስለ ዓይን ምክርና ክትትል እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ለታይሮይድ ካንሰር ራዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚያወጣ) አዮዲን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ስለ ዓይኑ የሚነግረው፣ ከዋጠ በኋላም ስለ ዓይኑ የሚጠይቀው ባለሙያ ይኑር። ዛሬ ይህ ሥራ የማንም አይደለም። ካንሰሩን የሚከታተለው ሐኪም አንገቱን ዳስሶ፣ የደም ምርመራውን አይቶ፣ የሆርሞን ኪኒኑን መጠን አስተካክሎ ይሸኘዋል። የዓይን ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው ታካሚ ደግሞ ከወራት በፊት የዋጠው እንክብል ከዓይኑ ጋር ይገናኛል ብሎ ስለማያስብ ነገሩን አያነሣውም። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። እንባው በጉንጩ የሚወርድ ሰው ወደ ፋርማሲው ገብቶ "የዓይን ጠብታ ስጠኝ" ሲለኝ አስቀድሜ የማየው አንገቱ ላይ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ነው። ይህን ልማድ ያመጣብኝ በታላቅ እህቴ የደረሰው ነው።

ስለ እሷ ከመናገሬ በፊት አዮዲኑ ዓይን ጋ እንዴት እንደሚደርስ ላስረዳ፤ ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሐኪም ያልሆነም ያነበዋል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ለዚህም አዮዲኑን ከደም ስቦ ወደ ሴል የሚያስገባ ፕሮቲን አለው። ሕክምናው የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የቀረ ወይም የተሰራጨ የታይሮይድ ሴል ካለ፣ ጨረር የሚያወጣውን አዮዲን 131 እንደ ተራው አዮዲን ስቦ ያስገባዋል፤ ጨረሩም እዚያው ያጠፋዋል። ብልህ ዘዴ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለበሽተኛ ከተሰጠ ወዲህ (ያኔ ለካንሰር ሳይሆን ለሆርሞን መብዛት ነበር) ስንቱን ሰው አትርፏል።

ጣጣው የሚመጣው ያ ፕሮቲን የሚገኘው ታይሮይድ ላይ ብቻ ስላልሆነ ነው። የምራቅ ዕጢዎች ላይ አለ፤ ጨጓራ ላይ አለ፤ በምታጠባ እናት ጡት ላይ አለ። እንባን ከዓይን ጥግ ተቀብለው ወደ አፍንጫ በሚያወርዱት ከረጢትና ቱቦ ግድግዳ ላይም መኖሩን በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ላይ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው እንባ ራሱ አዮዲኑን ይዞ ነው በዚህ መንገድ የሚያልፈው። ቱቦው ከውስጥ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይሠራል። መተላለፊያው ቀድሞውንም ቀጭን ስለሆነ ለመዘጋት ብዙ አይፈልግም።

ታካሚውንም ሐኪሙንም የሚያዘናጋው ጊዜው ነው። የአዮዲን 131 ጉልበት በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ አብዛኛው ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሽንት ይወጣል። የእንባው መፍሰስ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ3ኛው ወር በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ዓመት አልፎም ይመጣል። በታተሙ ጥናቶች ቱቦው የተዘጋባቸው ታካሚዎች ከ100 ከ2 እስከ 5 ገደማ ናቸው፤ በብዛትም ከ150 ሚሊኪዩሪ (የራዲዮአክቲቭ መድኃኒት መጠን መለኪያ ነው) በላይ የወሰዱት ላይ ታይቷል። የዓይን ድርቀት፣ መቆጥቆጥና መቅላት ያለባቸው ከዚህ ይበዛሉ። ድርቀትና የእንባ መፍሰስ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ፤ የደረቀ ዓይን ተቆጥቶ ያለቅሳልና።

አሁን ወደ እህቴ። አንገቷ ላይ የወጣውን እብጠት ለብዙ ጊዜ "እንቅርት ነው፤ እናታችንም ነበረባት" እያለች ችላ ብላው ቆየች። እንቅርት በበዛበት አገር ማን ይፈርድባታል? ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ዕጢው ወጣላት፤ አዮዲኑን ደግሞ ባሕር ማዶ ሄዳ ወሰደች። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ካንሰሩን በማከም በኩል የምወቅሳቸው ነገር የለኝም። ይዛው የመጣችውን የመውጫ ወረቀት ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ስለመራቅ ይናገራል፤ መጸዳጃ ቤት ውሃ ደጋግሞ ስለመልቀቅ ይናገራል፤ ስለ አፍ መድረቅ ይናገራል። ስለ ዓይን አንድ መስመር የለውም።

ዓመት ሳይሞላት የግራ ዓይኗ ያለቅስ ጀመር። መጀመሪያ ኪዳን ለማድረስ በማለዳ ስትወጣ፣ ብርዱ ሲነካት ብቻ ነበር። በኋላ ቤት ውስጥም ሆነ። በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ስትጠርግ የዓይኗ ጥግ ቆዳ ተላጠ። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ማንም ልብ አይላትም፤ እንዲያውም ሆደ ቡቡ ተባለች። ሰርግ ላይ ነው መከራው። አንድ ጊዜ ሙሽሮቹ ሲገቡ ዓይኗን ስትጠርግ ያየቻት የሙሽራው አክስት ወደ ጥግ ወስዳ "እትዬ፣ በሰው የደስታ ቀን ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚሆኑት?" አለቻት። እህቴ ከዚያ ወዲህ ሰርግ ሲጠሯት ሰበብ መፈለግ ያዘች። ይህን የምጽፈው ሆድ ለማባባት አይደለም። "ትንሽ እንባ ነው" የሚባለው ነገር ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚለይ ሐኪም ክፍል ውስጥ ስለማይታይ ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባለሙያው የታችኛውን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና "እናቴ፣ ይሄ ትራኮማ ነው" ብሎ የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጣት። ቅባቱ አልቆ ለውጥ ሲጠፋ ሌላ ቦታ አለርጂ ተባለች። ባለሙያዎቹን አልወቅስም። በዓለም ላይ ትልቁን የትራኮማ ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት፤ እዚህ አገር የሠለጠነ የጤና ባለሙያ የሚያለቅስ ዓይን ሲያይ አስቀድሞ ትራኮማን ቢያስብ ሥልጠናው ሠርቷል ማለት ነው። የጎደለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ "የታይሮይድ ሕክምና ወስደው ያውቃሉ?" ይህን ለመጠየቅ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም።

የዓይን ሐኪም ዘንድ የደረሰችው ብዙ ቆይታ ነው። ምርመራውን አጠገቧ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሐኪሟ የሚያደነዝዝ ጠብታ ጠብ አደረገችላትና በታችኛው ቆብ ጠርዝ፣ ወደ አፍንጫ በኩል ያለችውን ለዓይን የማትሞላ ቀዳዳ ፈልጋ፣ ጫፉ ያልሾለ ቀጭን መርፌ አስገብታ የጨው ውሃ ቀስ እያደረገች ገፋች። "ጉሮሮዎ ላይ ጨው ጨው አለዎት?" ስትል ጠየቀቻት። "ምንም የለም።" ውሃው በላይኛው ቆብ ቀዳዳ ተመልሶ ወጥቶ በጉንጯ ወረደ። ሐኪሟ መርፌውን አስቀምጣ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀቻት፦ "አንገትዎ ላይ ያለው ጠባሳ የምንድን ነው?"

ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ከእንባ ከረጢቱ ወደ አፍንጫ አጥንት ተቦርቡሮ አዲስ መንገድ ይከፈታል። ጥሩ ውጤት ያለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚሠሩት በዓይን ዙሪያ ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ሐኪሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደጃፍ ከየክፍለ ሀገሩ ሪፈር ይዞ የሚጠብቀውን ሰው ያየ ይህን አያጣውም። ጥበቱ ገና ሲጀምር የተደረሰበት ሰው ግን በጠብታ፣ ቱቦውን በማጠብ ወይም ለጊዜው ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ በማስገባት ሊታገዝ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በ4ኛውና በ6ኛው ወር የጠየቀው ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነው።

"ካንሰር እያለ ስለ እንባ ታወራለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ብለውኝማል። የታይሮይድ ካንሰር ግን አብዛኛው ዓይነቱ ከታከመ በኋላ ሰውን ለአሥርት ዓመታት የሚያኖር በሽታ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ብዙዎቹም ገና ልጅ በሚያሳድጉበትና በሥራ ላይ ባሉበት ዕድሜ ይይዛቸዋል። ይህን ያህል ዘመን ለሚኖር ሰው ሕክምናው ምን ትቶለት እንደሚያልፍ ማሰብ ትርፍ ነገር አይደለም።

እንዴት ይከላከሉታል ወደሚለው ልምጣ። ከጠብታ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም ሳያስፈልግ ከፍ ያለ አዮዲን አለመስጠት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በፈረንሳይ የተካሄዱ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በአንድ ጊዜ ወጥተዋል። ዝቅተኛ ስጋት ላለባቸው ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረውን ሴል ለማጥፋት 30 ሚሊኪዩሪ ከ100 ሚሊኪዩሪ ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው ሁለቱም አሳይተዋል። በእንግሊዙ ጥናት የተሳካው በዝቅተኛው መጠን 85 በመቶ፣ በከፍተኛው 88.9 በመቶ ነበር። በሕክምናው ሰሞን የጎንዮሽ ችግር የገጠማቸው ግን በዝቅተኛው 21 በመቶ፣ በከፍተኛው 33 በመቶ ሆነው ተገኙ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳዮቹ አንድ እርምጃ ሄደው ዝቅተኛ ስጋት ያለባቸውን ታካሚዎች ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን አዮዲን ሰጥተው ሌላውን ያለ አዮዲን በክትትል ብቻ ቢያቆዩት፣ ከ3 ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኙም።

ሳንባ ወይም አጥንት የደረሰበት ታካሚ ሌላ ነገር ነው። እሱ 150 ወይም 200 ሚሊኪዩሪ ቢታዘዝለት፣ ቢደገምለትም፣ ዓይንን ፈርቶ መቀነስ የለበትም። ዘግይቶ የሚመጣ ታካሚ ስለሚበዛብን ይህ እንደሚያጋጥማችሁ አውቃለሁ። የምለው መጠኑ በታካሚው ልክ ይለካ፣ ሁሉም በአንድ ልማድ 100 አይሰጠው ነው። እስከ ዛሬ በድምሩ የወሰደው መጠንም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጠን የሚሰጠው ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ አገርም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የመዋጫው ቀናት አሉ። መጀመሪያ ውሃ። ኩላሊትና ልብ ጤነኛ ከሆኑ ታካሚው በእነዚያ ቀናት በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር እንዲጠጣ ይመከራል፤ አዮዲኑ በቶሎ በሽንት እንዲወጣ ነው። ይህ ምክር እኛ አገር ከጾም ጋር ይጋጫል። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የማትቀምስ እናት ሐኪም "ውሃ ይጠጡ" ስላላት ብቻ ጾሟን አትፈታም፤ ረመዳን ላይ የወደቀም እንደዚሁ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለበሽተኛ መንገድ አላቸው፤ ስለዚህ ቀጠሮው ሲያዝ የጾም ቀን መሆኑ ይታይ፤ ታካሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼሁ ጋር አስቀድሞ እንዲነጋገር ይነገረው። በጾም ነገር አንድ የሚያግዘን እንኳ አለ፦ ከሕክምናው በፊት ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት አዮዲን ያነሰበት ምግብ ሲታዘዝ ወተት፣ ዕንቁላልና ዓሣ ይከለከላሉ፤ ዓሣ ለማይበላ ጾመኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው ግን ያስቸግራል። ጨው በተዘጋጀ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። "ጨው ይተዉ" የተባለች ሴት ማሰሮው ላይ ጨው ሳትጨምር ወጡን ሠርታ ትዕዛዙን የፈጸመች ይመስላታል። ይህን የምግብ ነገር ያነሣሁት ከዓይን ርቄ አይደለም፤ ዝግጅቱ ተበላሽቶ ሕክምናው መደገም ካለበት የሚደመረው ጨረር ወደ ዓይንም ይሄዳልና።

ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ያውልቀው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድለትም መነጽር ያድርግ፤ ሌንሱ ከእንባው አዮዲኑን ይይዛልና። ሰው ሠራሽ ዓይን ያለውም ለባለሙያው ይናገር፤ እንባ የነካው ሰው ሠራሽ ዓይን በምስል ምርመራ ላይ ካንሰር የተሰራጨ መስሎ ያሳሳተበት ጊዜ አለ። ኪስ ውስጥ የተረሳ መሐረብ ሳይቀር እንዲህ አሳስቷል። ስለዚህ ዓይንን በነጠላ ጫፍ ወይም በፎጣ ሳይሆን በሶፍት መጥረግ፣ ሶፍቱንም ሆስፒታሉ ባዘዘው ቦታ መጣል፣ እጅን ሳይታጠቡ ዓይንን አለማሸት ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ እንባ የሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠብታውን ደጋግሞ መጨመር በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን አዮዲን ያቀጥነዋል፣ ዓይኑንም ያርሰዋል። ቱቦው እንዳይዘጋ ያደርጋል ለሚለው ማስረጃው ገና ቀጭን ነው፤ ይህን ደብቄ ልከራከራችሁ አልፈልግም። ነገር ግን በርካሽ የሚገኝ፣ ጉዳቱም እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው፤ ቢያንስ ድርቀቱን ያስታግሳል። ሃይፕሮሜሎስ ወይም ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ያለው ይበቃል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጨምር ሰው ከተገኘ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለው ማቆያ ሲደጋገም ራሱ ዓይንን ይቆጠቁጣል። ዓይን የሚያነጣው ጠብታ የዚህ ምትክ አይሆንም። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ (ቁጣና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበትን ጠብታ ደግሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ባልደረባ የለንም ብዬ አልዋሽም፤ እሱ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ለእንባ መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ግላኮማ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር የመድኃኒት ባለሥልጣኑም ጆሮ ቢሰጠን ደስ ይለኛል።

አዮዲኑ ከመሰጠቱ በፊት የሆርሞን ኪኒኑ ለሳምንታት እንዲቋረጥ መደረጉም በዚህ ይነሣል። ሆርሞን ያጣ ሰውነት ኩላሊቱ ይዘገያል፤ አዮዲኑም በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ዓይኑ ራሱ ያብጣል፣ ይደርቃል። ኪኒኑን ሳያቋርጡ ለመታከም የሚያስችለው መርፌ አለ፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ታካሚያችን የማይቀመስ ነው። አቋርጦ የሚታከመው ሰው ውሃና ጠብታ ይበልጥ ያስፈልገዋል ብሎ ማሰብ እስከዚያው ይቻላል።

የምራቅ ዕጢም ነገር አለ። ከአዮዲን በኋላ ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ ሲያብጥ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረት ቃል በቃል ይደርሳል፤ እህቴ በዚህ ስቃለች። ለምራቁ ግን ሎሚ፣ ከረሜላ፣ ማስቲካ እየተባለ ይመከራል፤ ወረቀቱም ላይ አለ። ዓይን ነው የተረሳው።

ሁለት ነገር እንዳይደባለቅ። ብዙ ሰው "ታይሮይድና ዓይን" ሲባል የሚያስበው ወጣ ወጣ ያለ፣ የፈጠጠ ዓይን ነው። እሱ ግሬቭስ የሚባለው የሆርሞን መብዛት በሽታ ነው እንጂ ካንሰር አይደለም። ለዚያ በሽታ በጥቂት ሚሊኪዩሪ የሚሰጠው አዮዲን የዓይኑን ሕመም ሊያባብሰው ስለሚችል፣ በተለይ ለሚያጨስ ሰው፣ ሐኪሞች ስቴሮይድ ኪኒን አብረው የሚያዙበት ሁኔታ አለ። ለካንሰር ታካሚ ሲጋራ መተዉ ለሌላ ሌላው ይጠቅመዋል፤ ስቴሮይዱን ግን ከጎረቤት ሰምቶ እንዳይጀምር። ከቀዶ ሕክምናው የሚመጣም የዓይን ጉዳት አለ፤ የካልሲየምን መጠን የሚቆጣጠሩት አራት ትንንሽ ዕጢዎች አብረው ሲጎዱ ካልሲየም ለዓመታት ዝቅ ብሎ ይቆይና በወጣትነት የዓይን ሞራ ያመጣል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የታዘዘለት ታካሚ "ጣቴ መደንዘዝ ተወኝ" ብሎ በራሱ እንዳያቆም ማስገንዘብም ዓይንን መጠበቅ ነው። አዮዲን ለማይሠራበት የታይሮይድ ካንሰር የሚሰጡት አዳዲሶቹ ኪኒኖችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቫንዴታኒብ በዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ዳብራፌኒብ ከትራሜቲኒብ ጋር ሲሰጥ ከዓይን ጀርባ ያለውን ረቲናን ሊነካ ይችላል። እነዚህን የሚወስድ ሰው እይታው ድንገት ከደበዘዘ የሚቀጥለውን ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም።

ባሕር ማዶ የሚታከሙትን አትርሱብኝ። ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቱርክ እየሄደ አዮዲን ወስዶ የሚመለሰው ሰው የሚይዘው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤት ደርሶ ከፓስፖርቱ ጋር መሳቢያ ይገባል። ክትትሉ ግን እዚህ ነው። የኛ ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ መጠኑንና ቀኑን በአገር ውስጥ ካርድ ላይ ሊያሰፍርለት፣ ስለ ዓይኑም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ሊነግረው ይገባል። ታማሚው ከሰማው ብዙውን አያስታውስም፤ ያንን በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ስለዚህ የሚነበብ ነገር ይሰጠው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ሚኒስቴሩ ለራዲዮአክቲቭ አዮዲን ታካሚዎች አንድ ገጽ መመሪያ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ያውጣ፤ ስለ ዓይን የሚናገር ክፍልም ይኑረው። አዮዲን የሚሰጠው ክፍል ከመስጠቱ በፊት ታካሚው ቀድሞም የዓይን ድርቀት፣ የእንባ መፍሰስ ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና እንደነበረው ይጠይቅ፤ ካለው ለዓይን ሐኪም ይላከው። በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ክትትል ላይ "እንባ ይፈስዎታል? ዓይንዎ ይቆጠቁጥዎታል?" የሚል ጥያቄ ይጨመር፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይስፈር። አዎን ያለ ሰው ቀለም ያለው ጠብታ ተደርጎለት ከ5 ደቂቃ በኋላ በሰማያዊ መብራት ቢታይ እንባው መውረድ አለመውረዱ ይታወቃል፤ ይህን የትኛውም የዓይን ክፍል ይሠራዋል። ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጠው የትራኮማ ሥልጠና ላይ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ፦ የሚያለቅሰው አንድ ዓይን ከሆነና አንገት ላይ ጠባሳ ካለ፣ ቅባት ከመስጠት በፊት ይጠየቅ።

የመመሪያውን ረቂቅ በአማርኛ አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብቻለሁ፤ ስሜንና አድራሻዬንም በዚያው ላይ አስፍሬያለሁ። የዓይን ሐኪምና የኑክሌር ሕክምና ባለሙያ ቁጭ ብለው እንዲያርሙት እፈልጋለሁ፤ የጎደለም የተሳሳተም ይኖርበታል። ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ፈቃደኛ የሆነች ባልደረባ አለችኝ። ማተሚያ በጀት ከሌለ በፋርማሲያችን ፎቶ ኮፒ አድርገን እናድላለን፤ የእናንተ ማኅተም ግን ያስፈልገናል፤ ያለዚያ ታካሚው የሚያየው የባለሱቅ ወረቀት አድርጎ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያና የታካሚ ወንድም
አዲስ አበባ